የሊኑክስ ድራይቨሮች ከከርነልና ከዲስትሪቢዩሽን ጋር ስላላቸው መስማማት

በሊኑክስ የሚሠሩ ተማሮች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ «ይህ የሽቦ አልባ መገናኛ ካርድ በአንዱ ዲስትሪቢዩሽን ደኅና ይሠራ ነበር፤ በሌላው ግን ጭራሽ እንደሌለ ይቈጠራል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ በችኰላ ይሰጣል። አንዱ ዲስትሪቢዩሽኑን ይወቅሳል፤ ሌላው ካርዱን ይረግማል፤ ሦስተኛውም ተስፋ ቈርጦ ሊኑክስን በሙሉ ይተዋል።

እኛ ነገሩን መርምረን እንደ ተረዳነው፥ የዲስትሪቢዩሽኑ ስም ብቻውን የሚያስረዳው ጥቂት ነው። መሣሪያው ዛሬ መሥራቱ፥ ይልቁንም ከአምስት ዓመት በኋላ መሥራቱ የሚወሰነው በይበልጥ በአንድ ጥያቄ ነው። የድራይቨሩ ሶርስ ኮድ የሚኖረው ከከርነሉ ጋር በአንድ ግቢ ነው ወይስ ከአጥር ውጭ? ከዚህ ቀጥሎ ይህን ነገር በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን። ጕዳዩ ቀላል አይደለም፤ አንድ ትምህርት ቤት በብዙ ድካም ያገኘው ኮምፒዩተር ዐሥር ዓመት ማገልገሉ ወይም በሦስተኛው ዓመት መጋዘን መግባቱ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚሁ ነው። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

፩. የቃላቱ ትርጕም

ከርነል የምንለው፥ የኮምፒዩተሩን ፕሮሰሰር፥ ሜሞሪና ዲስክ ለፕሮግራሞች ሁሉ እየመደበ የሚያስተዳድረውን የሥርዐቱን እምብርት ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ከርነል የጀመረው በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን፥ ሥራውን ለሰው ያሳወቀው በኦገስት ወር 1991 ነበር። በ1992 ጂ ፒ ኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር ስላዋለው፥ ማንም ሰው ሶርስ ኮዱን ለማንበብ፥ ለማረምና ለሌላው ለማስተላለፍ መብት አገኘ።

ይሁን እንጂ ከርነል ብቻውን ለተጠቃሚ አይበቃም። ከርነሉን ወስዶ፥ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ጨምሮ፥ መጫኛም አበጅቶለት አንድ የተሟላ ሥርዐት አድርጎ የሚያወጣው ክፍል ዲስትሪቢዩሽን ይባላል። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን፥ በ2003 የወጣው ፌዶራ፥ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ፥ እንዲሁም ለመሥሪያ ቤቶች የሚሸጠው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ከታወቁት መካከል ናቸው። ሁሉም ሊኑክስ ይባላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚይዘው ከርነል በዕድሜም በአሠራርም የተለያየ ነው።

ድራይቨር ደግሞ በከርነሉና በአንድ በታወቀ መሣሪያ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ከርነሉ «ይህን መልእክት ላክ» ሲል፥ ድራይቨሩ ያንን ቃል ካርዱ ወደሚያውቀው ምልክት ይለውጠዋል፤ ካርዱ የመለሰውንም ከርነሉ በሚያውቀው ቋንቋ ያቀርብለታል። እንግዲህ ይህ አስተርጓሚ ሁለት ቋንቋ ማወቅ አለበት ማለት ነው። የካርዱ ቋንቋ በፋብሪካ ስለ ተወሰነ አይለወጥም። የከርነሉ ቋንቋ ግን ይለወጣል፤ የችግሩም ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

፪. ወደ ውጭ የጸና፥ ወደ ውስጥ የሚለወጥ

የሊኑክስ ከርነል ሁለት ፊት አለው ብንል አንሳሳትም። አንደኛው ወደ ፕሮግራሞች፥ ሁለተኛው ወደ ድራይቨሮች የሚመለከት ነው። ወደ ፕሮግራሞች በሚመለከተው በኩል ሕጉ ጥብቅ ነው። ትናንት የሠራ ፕሮግራም ከርነሉ ስለ ታደሰ ብቻ ዛሬ እንዳይሰናከል ቶርቫልድስ አጥብቆ ይከላከላል። ወደ ድራይቨሮች በሚመለከተው በኩል ግን እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን የለም። ይህም በቸልተኝነት የመጣ ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው። ከከርነሉ ዋና ጠባቂዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮኣ ሃርትማን ምክንያቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ከከርነሉ ሰነዶች ጋር እንዲቀመጥ አድርጓል። የአሳቡ ጭብጥ እንዲህ ነው፤ የውስጡ ውል ለዘለዓለም የታሰረ ቢሆን፥ የተገኘው ስሕተት በሙሉ ሊታረም አይችልም፤ አሮጌው መንገድ ከአዲሱ ጎን ተጐልቶ ይኖራል፤ ጠባቂዎቹም ሁለቱንም ሲያገለግሉ ይደክማሉ።

አዲስ ከርነል በየዘጠኝ ወይም በየዐሥር ሳምንቱ ይወጣል። የውስጥ ለውጡ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ጥቂት ምሳሌዎች እንጥቀስ። በጃንዋሪ 2018 በወጣው 4.15 ከርነል፥ ድራይቨሮች የጊዜ መቍጠሪያን የሚያዘጋጁበት የቀድሞው መንገድ ተወግዶ በአዲስ ተተካ። በማርች 2019 በወጣው 5.0፥ የፕሮግራሙ የሜሞሪ አድራሻ ትክክል መሆኑን ለመመርመር የሚጠራው ትእዛዝ ከሦስት ነገሮች አንዱን መቀበል ተወ። በማርች 2020 በወጣው 5.6፥ ድራይቨሮች ስለ ራሳቸው መግለጫ የሚሰጡበትን ፋይል የሚያዘጋጁበት መልክ ተለወጠ። በጁን 2023 በወጣው 6.4 ደግሞ የመሣሪያዎችን ምድብ ለመፍጠር የሚያገለግለው ትእዛዝ ከሁለት ነገሮች አንዱን ጣለ። እነዚህ ለውጦች እያንዳንዳቸው ጥቃቅን ናቸው። ነገር ግን በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ድራይቨር በአዲሱ ከርነል ላይ ኮምፓይል ሲደረግ፥ ከእነዚህ አንዷ ብቻ ብትነካው እንኳ ሥራው ይቆማል።

ይህን ሁሉም በሚያውቀው ነገር እንመስለው። ባላገር ሲያርስ አናጢው የጠረበውን እርፍና ቀጥቃጩ የሠራውን ማረሻ አጋጥሞ ነው። ማረሻው በእርፉ ጫፍ ላይ በልክ መግባት አለበት። አናጢው ለሥራው ይሻላል ብሎ የእርፉን ውፍረት በየወቅቱ ይለውጣል እንበል። ቀጥቃጩ በዚያው ግቢ የሚኖር ከሆነ፥ አናጢው ራሱ «ልኩን ለውጫለሁና ማረሻውን እንዲህ አድርገው» ይለዋል፤ ባላገሩም መለወጡን ሳያውቅ ያርሳል። ቀጥቃጩ በሩቅ አገር ያለ እንደ ሆነ ግን ባላገሩ በእጁ የያዘው የማይገጥም ብረት ነው። ብረቱ አልተሰበረም፤ እርፉም አልተበላሸም፤ እርሻው ግን ይቀራል።

ከከርነሉ ሶርስ ኮድ ከግማሽ የሚበልጠው የድራይቨሮች ነው፤ እነዚህ በግቢው ውስጥ ያሉት ናቸው። የሕጉም ልማድ የውስጡን ውል የለወጠ ሰው በዚያ የሚጠቀሙትን የግቢውን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ እንዲያስተካክል ያስገድደዋል። ካርዱን የሠራው ኩባንያ ቢዘጋ እንኳ ይህ አይቋረጥም። ከግቢው ውጭ ለሚኖረው ድራይቨር ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለውም፤ ባለቤቱ በየጊዜው ካላደሰው ማንም አያድስለትም።

፫. ኮምፓይል ስለ ተደረገው ሞጁል

አንዳንዱ ሰው፥ «ሶርስ ኮዱን መለወጥ ምን ያደክመናል? ከአንዱ ዲስትሪቢዩሽን የሚሠራውን የድራይቨር ፋይል ቀድተን ወደ ሌላው ብንወስደው አይበቃምን?» ይላል። አይበቃም። ድራይቨር ሞጁል ሆኖ ኮምፓይል በተደረገ ጊዜ፥ ለየትኛው ከርነል እንደ ተሠራ የሚናገር ማኅተም በውስጡ ይጻፍበታል። በዚያ ማኅተም ላይ የከርነሉ ሙሉ ቍጥርና አንዳንድ ዋና ዋና የአሠራር ምርጫዎች ይገኛሉ። ከዚህም በላይ ብዙ ዲስትሪቢዩሽኖች ሞጁሉ ለሚጠራው ለእያንዳንዱ የከርነል ተግባር ከቅርጹ የተሰላ ቍጥር ያኖራሉ። ሞጁሉ በሚጫንበት ጊዜ ከርነሉ እነዚህን ያመሳክራል፤ ካልተስማሙም አይቀበለውም።

ይህ ጥብቅነት ከንቱ አይደለም። ድራይቨር የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ ሆኖ ስለሆነ፥ አንድ የተሳሳተ ቍጥር ከሜሞሪ ቢያነብ የሚወድቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ሊቆምና በዲስክ ላይ ያለው ጽሑፍም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዲስትሪቢዩሽኖች «5.15» የሚል አንድ ቍጥር ቢይዙም፥ አንዱ ያበጀው ሞጁል በሌላው አይጫንም።

በዚህ ላይ የፊርማ ጕዳይ ይጨመራል። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ በተከፈተበት ኮምፒዩተር ላይ፥ አያሌ ዲስትሪቢዩሽኖች የታወቀ ፊርማ የሌለውን ሞጁል አያስገቡም። በኖቬምበር 2019 የወጣው 5.4 ከርነልም ይህን የመሰለ የመዝጊያ ሥርዐት በራሱ ውስጥ ይዟል። ተማሪው ድራይቨሩን በትክክል ኮምፓይል አድርጎ ሳለ መሣሪያው እንቢ ያለው እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ ይኸው ፊርማ ሊሆን ይችላል። መፍትሔውም የራስን ቍልፍ አዘጋጅቶ በኮምፒዩተሩ ላይ ማስመዝገብና ሞጁሉን በዚያ መፈረም ነው።

፬. ዲስትሪቢዩሽኖች የሚለያዩበት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ከርነሉ ነው። ዲስትሪቢዩሽኖቹ በበኩላቸው በሦስት ነገር ልዩነት ያመጣሉ።

የመጀመሪያው የከርነሉ ዕድሜ ነው። ፌዶራ አዲሱን ከርነል ሳይዘገይ ይከተላል። ዴቢያን ግን አንዱን መርጦ በዚያው እትም ዘመን ሁሉ ይጸናል፤ በኦገስት 2021 የወጣው ዴቢያን 11 የያዘው 5.10 ሲሆን፥ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 የያዘው 6.1 ነው። ሬድ ሃት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በ2019 የወጣው 8ኛ እትሙ 4.18 የሚባለውን ከርነል ይይዛል፤ ነገር ግን ከኋለኞቹ ከርነሎች ብዙ ማሻሻያ እየተቀዳ ስለሚገባበት፥ ስሙ ያው ሆኖ ውስጡ የታደሰ ነው። ከዚህም የተነሣ ከግቢ ውጭ ያለ ድራይቨር የከርነሉን ቍጥር ብቻ አይቶ «ይህ አሮጌ ነው» ብሎ በአሮጌው መንገድ ሊሠራ ሲሞክር ይሰናከላል። በሌላ በኩል ሬድ ሃት በዝርዝር ያወጣቸውን የከርነል ተግባራት በአንዱ ዋና እትም ዘመን ሳይለውጥ ለመጠበቅ ይተጋል።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። በከርነሉ ሶርስ ኮድ ውስጥ ድራይቨሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የዲስትሪቢዩሽኑ አዘጋጆች ኮምፓይል እንዲደረግ መፍቀድ አለባቸው። ለምሳሌ ሬድ ሃት በ8ኛው እትሙ ለአንዳንድ አሮጌ የዲስክ መቆጣጠሪያዎች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አንሥቷል። በዚህ ጊዜ አሮጌ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ሥርዐቱን ሲያድስ ዲስኩን ሊያጣው ይችላል።

ሦስተኛው ፈርምዌር ነው። ብዙ የዛሬ ካርዶች በራሳቸው ውስጥ ትንሽ ፕሮሰሰር አላቸው፤ ድራይቨሩም ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቍጥር ለዚያ ፕሮሰሰር የሚሆነውን ፕሮግራም ይሰጠዋል። ይህ ፈርምዌር የሚባለው ፋይል ብዙ ጊዜ ሶርስ ኮዱ ያልተገለጠ የኩባንያ ንብረት ነው። ዴቢያን ነጻ ያልሆነውን ነገር ለይቶ የማስቀመጥ ልማድ ስላለው፥ በይፋዊው መጫኛው ውስጥ እንዲህ ያለ ፋይል ሳያስገባ ብዙ ዓመት ቆየ። ስለዚህ ድራይቨሩ እያለ ካርዱ አይነሣም ነበር። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌሩ በመጫኛው እንዲገባ ስለ ወሰኑ፥ ከዴቢያን 12 ጀምሮ ይህ ችግር በእጅጉ ተቃለለ።

ሦስቱ ነገሮች እንዴት እንደሚገናኙ በአንድ ምሳሌ እንይ። ሪያልቴክ የሚባለው ኩባንያ የሠራው 8852ኤኢ የተባለ የሽቦ አልባ ካርድ በአያሌ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛል። ድራይቨሩ ወደ ከርነሉ ግቢ የገባው በጃንዋሪ 2022 በወጣው 5.16 ነው። ዴቢያን 11 የወጣው ከዚያ በፊት በ5.10 ስለ ሆነ፥ ሲጫን በያዘው ከርነል ካርዱን አያውቀውም። ዴቢያን 12 ግን ከርነሉም ፈርምዌሩም ስላለው ያውቀዋል። ልብ በሉ፤ ዲስትሪቢዩሽኑ አንድ ነው፤ ካርዱም አንድ ነው፤ የተለወጠው የከርነሉ ዘመንና የፈርምዌሩ ነገር ብቻ ነው። «ዴቢያን ይህን ካርድ አይደግፍም» የሚል ሰው፥ የትኛው ዴቢያን እንደ ሆነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም።

፭. መድኀኒቱና ወሰኑ

ከግቢ ውጭ ለሚኖሩት ድራይቨሮች ከተገኙት መድኀኒቶች ዋነኛው ዲ ኬ ኤም ኤስ ይባላል። ይህን በ2003 የጻፉት የዴል ኩባንያ የሊኑክስ መሐንዲሶች ናቸው። ሥራውም የድራይቨሩን ሶርስ ኮድ በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀምጦ፥ አዲስ ከርነል በተጫነ ቍጥር ለዚያ ከርነል እንደ ገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። በዚህ ዘዴ የማኅተሙ ችግር ይወገዳል። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው። የውስጡ ውል ከተለወጠ ያው አሮጌ ሶርስ ኮድ መቶ ጊዜ ቢሞከር ኮምፓይል አይሆንም። ደግሞም ኮምፓይለሩና የከርነሉ ሄደር ፋይሎች በቅድሚያ መገኘት አለባቸው። የማይሠራው የኢንተርኔት ካርዱ ራሱ የሆነ እንደ ሆነ፥ እነዚህን ፋይሎች ለማውረድ ሌላ መንገድ፥ ለምሳሌ ስልክን በዩኤስቢ ማገናኘት ግድ ይሆናል።

የኤንቪድያ የሥዕል ካርዶች ታሪክ ይህን ወሰን ያሳየናል። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ድራይቨሩን ሶርስ ኮዱን ሳይገልጥ ይሰጥ ነበር። ፌርሚ ለተባለው ትውልድ የሚሆነው 390 የተባለው ተከታታይ በ2022 መጨረሻ ከድጋፍ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከርነሉ በተለወጠ ቍጥር ኩባንያው አያስተካክለውም። እነዚያው ካርዶች ግን በ2010 ወደ ከርነሉ ግቢ በገባው ኑቮ በሚባለው ድራይቨር መሥራት ይችላሉ፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ኮምፒዩተሩ ለጽሕፈትና ለትምህርት ያገለግላል። ኩባንያው ራሱም በሜይ 2022 ለአዳዲሶቹ ካርዶቹ የከርነል ሞጁሉን ሶርስ ኮድ በይፋ አውጥቷል።

፮. ስለ ክርክሩ

በዚህ ላይ የሚቀርብ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «የከርነሉ ጠባቂዎች ለራሳቸው ምቾት ውሉን ይለውጣሉ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በነገሩ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ነው» ይባላል። ይህ እውነት አለበት። ላፕቶፑን የገዛው ተማሪ የካርዱን ኩባንያ ማስገደድ አይችልም፤ ከርነሉንም አይመራም።

የሆነ ሆኖ ሁለት ነገር መመዘን ይገባል። አንደኛ፥ መጽናት በነጻ አይገኝም። ሬድ ሃት ውሉን ለዓመታት የሚጠብቀው ለዚሁ ሥራ ደመወዝ የሚከፈላቸው መሐንዲሶች ስላሉት ነው። ጕግልም በአንድሮይድ ስልኮች ከ5.10 ከርነል ጀምሮ፥ የስልክ ሠሪዎች ድራይቨር ከጋራው ከርነል ተለይቶ እንዲኖር የሚያደርግ የጸና ውል አበጅቷል። መጽናትን የፈለገ ሁሉ ድካሙን ይከፍላል ማለት ነው። ሁለተኛ፥ የጸና ውል ጥቅሙ በይበልጥ ለኩባንያው ነው፤ ድራይቨሩን አንድ ጊዜ ሰጥቶ ለመሄድ ያመቸዋል። ግቢ ውስጥ የገባ ድራይቨር ግን ኩባንያው ከሄደም በኋላ ይኖራል።

ግቢውም ቢሆን የዘለዓለም ቤት አይደለም። በ2013 የወጣው 3.8 ከርነል፥ ሊኑክስ መጀመሪያ የተጻፈለትን የ386 ፕሮሰሰር ድጋፍ አስወግዷል፤ ተጠቃሚና ጠባቂ ያጡ ድራይቨሮችም ይወጣሉ። ልዩነቱ ግን ይህ የሚደረገው በይፋ ውይይት መሆኑና፥ የወጣው ሶርስ ኮድ በታሪኩ መዝገብ ስለሚቀር፥ ፈቃደኛ ሠራተኛ ከተገኘ ሊመለስ መቻሉ ነው።

፯. ተማሪ ምን ያድርግ?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ዲስትሪቢዩሽን ከመቀየር በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። የመሣሪያው ትክክለኛ መለያ ቍጥር ስንት ነው? ይህን «ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ» ወይም ለዩኤስቢ መሣሪያ «ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ» የሚባለው ትእዛዝ ይነግረናል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የንግድ ስም ግን ሊያሳስት ይችላል። ድራይቨሩ በከርነሉ ግቢ አለን? ካለስ ከየትኛው ቍጥር ጀምሮ? በእጃችን ያለው ከርነል ከዚያ የቀደመ ነው ወይስ የተከተለ? ፈርምዌሩስ ተጭኗልን? የመጨረሻውን የከርነሉን የመልእክት መዝገብ በማንበብ ማወቅ ይቻላል፤ ፋይሉ ሲጠፋ ከርነሉ ስሙን ጠቅሶ ያመለክታል።

ኮምፒዩተር የሚገዛ ወይም በስጦታ የሚቀበል ክፍልም፥ ዲስክ ሳይነካ ከዩኤስቢ የሚነሣ ሊኑክስ ይዞ ሄዶ አስቀድሞ ቢሞክር ብዙ ገንዘብ ያድናል። ከርነል ከታደሰ በኋላ መሣሪያው ቢያቆም ደግሞ፥ አብዛኞቹ ዲስትሪቢዩሽኖች የቀድሞውን ከርነል በመነሻው ዝርዝር ውስጥ ስለሚያቆዩት በዚያ ተነሥቶ ሥራን መቀጠል ይቻላል። ይህ ግን ለጊዜው ነው፤ በአሮጌ ከርነል መቈየት የደኅንነት እርማቶችን ማጣት ስለሆነ፥ ዘላቂው ነገር በግቢው ውስጥ ድራይቨር ያለውን መሣሪያ መምረጥ ነው።

በመጨረሻ መምህራኖቻችንንና ጓደኞቻችንን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። የከርነሉ ግቢ በር ለሚያንኳኳ ክፍት ነው። አንድ መሣሪያ በታወቀ ድራይቨር የሚሠራ ሆኖ ሳለ መለያ ቍጥሩ በዝርዝሩ ስላልገባ ብቻ የማይታወቅበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለማረም የሚያስፈልገው አንድ መስመር መጨመር፥ መሞከርና በተገቢው ሥርዐት ለጠባቂዎቹ መላክ ነው። ያ መስመር ተቀባይነት ያገኘ እንደ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ በሚወጡት ከርነሎች በኩል ይህንኑ መሣሪያ ለያዘ ሰው ሁሉ ይደርሳል። ቶርቫልድስ ሥራውን ለሰው ባሳወቀ ጊዜ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። እኛም በላቦራቶሪያችን ያሉትን መሣሪያዎች መለያ ቍጥር በመመዝገብና የትኛው ድራይቨር በግቢው እንዳለ፥ የትኛው እንደሌለ ለይቶ በማወቅ ሥራውን ልንጀምር እንችላለን።